ሞራ ወይስ ሰም

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ሁሉም ጭስ ሆኖ አይወጣም። አንድሪው ኖብልና ፍሬድሪክ ኤብል ባሩድን በወፍራም የብረት ዕቃ ዘግተው እያቀጣጠሉ የቀረውን መዘኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተሙት ጥናትም ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከክብደቱ 43 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ሌላው ጥቀርሻ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ይህን ጥቀርሻ በሆዱ ይዞ ይቀራል። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ግድግዳው ላይ ይጋገርና እርሳሱ አልወርድ ይላል።

ጉዳዩ በሚዛን ከመለካቱ ከመቶ ዓመት በፊት የፔንሲልቬኒያ አዳኞች መላ አበጅተውለት ነበር። ድቡልቡሉን እርሳስ በቁራጭ ጨርቅ ይጠቀልሉታል። ጨርቁ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጠምዛዛ ቦይ ይዞ እርሳሱን ያሽከረክረዋል፤ ከራሰ ደግሞ ሲወርድ የቀደመውን ጥቀርሻ ያለሰልሳል። በምን ይራስ? ቅርቡ ምራቅ ነው። የባሩድ ጥቀርሻ አብዛኛው የፖታሲየም ጨው ስለሆነ በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ምራቅ ግሩም ይሠራል። ነገር ግን ይደርቃል፤ ጠመንጃው ጎርሶ ካደረም ብረቱን ያዝገዋል። ጫካ ውሎ ለሚያድር አዳኝ የሚበጀው የድብ ስብ ወይም ሞራ ነበር። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1800 ለታጠቁት የቤከር ጠመንጃ ሰደፉ ላይ የናስ ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አበጁለት፤ ቅባት የነካው ጨርቅ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

የእንግሊዞች የ1853ቱ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጨርቁን በወረቀት ተካው። ባሩዱና እርሳሱ በአንድ ወረቀት ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ በእርሳሱ በኩል ያለው ጫፍ ሞራ በበዛበት የሞራና የሰም ቅልጥ ተነክሯል። ወታደሩ የባሩዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይቀድዳል፣ ባሩዱን ያፈስሳል፣ ጥቅሉን ገልብጦ እርሳሱን ቅባት ከነካው ወረቀት ጋር አፈሙዙ ውስጥ ይከትታል፣ የተረፈውን ወረቀት ቀንጥሶ ይጥላል፣ በዘንግ ገፍቶ ያወርደዋል። ጥርስ ያለበት ሥራ መሆኑን ልብ በሉ።

የአየር ጠባዩን ይችል እንደሆነ ለመፈተን ጥይቱ በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ተላከ። የቤንጋል ጦር አጁታንት ጄኔራል ኮሎኔል ሄንሪ ታከር ቅባቱ የወታደሮቹን ሃይማኖት የማይነካ መሆኑ ሳይረጋገጥ እንዳይታደል በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ሰሚ አላገኘም። ሞራው የየትኛው እንስሳ እንደሆነ የሚያጣራ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጥር 1857 ካልካታ አጠገብ ደምደም በተባለው የጦር ሰፈር አንድ የቀን ሠራተኛ ከከፍተኛው የሂንዱ መደብ የሆነ አንድ ብራህሚን ወታደር ውኃ ለመነ። ወታደሩ ዕቃዬ ይረክሳል ብሎ ከለከለው። ሠራተኛውም በቅርቡ የላምና የአሳማ ሞራ ልትነክስ ነው፣ ያኔ ክብርህን እናያለን አለው። ላም ለሂንዱ ቅዱስ፣ አሳማ ለሙስሊም ርኩስ ነውና ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ወታደሮቹ ግን ወዲያው አላመፁም፤ በሞራው ፋንታ ሰምና ዘይት ይሁንልን ብለው ለአለቆቻቸው አመለከቱ። በወሩ መጨረሻ መንግሥት እያንዳንዱ ወታደር የወደደውን ቅባት በገዛ እጁ እንዲቀባ ፈቀደ። ዘግይቷል። ጥርጣሬው ከቅባቱ አልፎ ወረቀቱ ለምን ያብረቀርቃል ወደሚል ተሸጋግሮ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሚሩት ከተማ 85 ፈረሰኞች ጥይቱን አንነካም አሉ፤ ታሰሩ፤ ግንቦት 10 ቀን የሕንድ ወታደሮች አመፅ ፈነዳ።

በሰው ደም ከተከፈለው ዋጋ በኋላ ቅባቱ ራሱ ሌላ ጉድ አወጣ። ሞራ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። በሕንድ ሙቀት ወረቀቱ ቅባቱን ይመጠውና ጥቅሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ከሞራው የሚወጣው አሲድም እርሳሱን ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ጥይት ማጉረስ ጭንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዞች የእርሳሱን ውፍረት ከ14.4 ወደ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ አወረዱ፣ ሞራውን ትተው ንጹሕ ሰም ያዙ። ሰም እስከ 62 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም፣ እርሳስም አይበላም።

የደምደም ወታደሮች ሰም ይሁንልን ያሉት ለሃይማኖታቸው ሲሉ ነው። በሙያውም ቢሆን ልክ ነበሩ፤ ጦሩ ያንኑ ሰም የተቀበለው ጥይቱ አልወርድ ሲለው መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ያው ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ ተለውጦ፣ ስናይደር ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተተኮሰ። ያኔም የእርሳሱ ቅባት ሰም ነበር።

ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በአሮጌ ጠመንጃ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች ቅባታቸውን ቤታቸው ያቀልጣሉ። ፍርዴን ልስጥ፦ ጨው ያልነካው የበግ ሞራና ሰም ይበቃሉ፤ በበጋ ሰሙን፣ በብርድ ሞራውን ማብዛት ነው። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ግን ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲነድ ሬንጅ የመሰለ ቆሻሻ ስለሚተው ከጨርቁ ይራቅ።