ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጉዞ ጊዜ ስለሚያደርገው ጥንቃቄ

ደም በሥሩ ውስጥ ሳለ ፈሳሽ ሆኖ ይዘዋወራል፤ ሥጋ በተቆረጠ ጊዜ ግን ረግቶ ቁስሉን ይደፍናል። ይህ የመርጋት ጠባይ ሕይወትን የሚጠብቅ ሲሆን፣ ያለ ቦታው በልብ ወይም በደም ሥር ውስጥ በሆነ ጊዜ ትልቅ ጉዳት ያመጣል። የረጋው ደም ወደ አንጎል የሄደ እንደ ሆነ ሰውን ሽባ ያደርጋል፤ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ ትንፋሽ ያሳጣል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ የልብ በር ለተተካላቸው፣ የልባቸው አመታት ሥርዐት ላጣባቸው፣ በእግራቸው ሥርም ደም ለረጋባቸው ሰዎች ዋርፋሪን የተባለው ኪኒን ይታዘዛል። በኢትዮጵያ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው ደዌ ብዙ ሰው ስለሚያገኝ፣ ይህን ኪኒን ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ጥንቃቄ የሚያሻው ስለ ምን እንደ ሆነ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሊቅ ካርል ሊንክና ረዳቶቻቸው የነገሩን ምክንያት መርምረው አገኙ። ከዚሁ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። እንግዲህ መርዝነቱና መድኃኒትነቱ የሚለየው በመጠኑ ነው።

መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በተባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። መድኃኒቱን ለሚወስዱት ለብዙዎቹ ከ2 እስከ 3፣ ለአንዳንድ ሰው ሠራሽ የልብ በር ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ቁጥሩ ካነሰ ደም ይረጋል፤ ከበዛም ደም ያለ ምክንያት ይፈሳል።

ዛሬ ይህን ምርመራ በሽተኛው ራሱ በቤቱና በመንገዱ ሊያደርገው ይችላል። ጣቱን ወግቶ አንዲት የደም ጠብታ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ያኖራል፤ በእጅ የሚያዘው መሣሪያም ብዙ ሳይቆይ ቁጥሩን ያሳያል። ነገር ግን አስቀድሞ ከጤና ሠራተኛ መማር፣ መሣሪያው የሚሰጠውንም ቁጥር ከሐኪም ቤቱ ምርመራ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ጉዞ ይህን ልክ በብዙ መንገድ ያናጋዋል። ጎመንን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል መድኃኒቱን የሚያደክም ቫይታሚን ኬ ስላለበት፣ በጾም ወራት ወይም በእንግድነት ከልማድ በላይ የተበላ እንደ ሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። ተቅማጥ፣ የምግብ ማነስና ብዙ መጠጥ ግን ከፍ ያደርጉታል። እንደ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ያሉት የተሕዋስያን ማጥፊያ ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አስፕሪንም የመድማትን አደጋ ይጨምራል። ሰዓትም ይለወጣል፤ በዋሽንግተን ማታ 12 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ከዚያ የሚመጣ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ በደረሰበት አገር ማታ ሊወስድ ይችላል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንዳይውጥ ግን ይጠንቀቅ።

ስለዚህ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ይመርመር፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የሚፈለገውንም ቁጥር የሚገልጽ ወረቀት ከሐኪሙ ይቀበል። ኪኒኑንና መሣሪያውን በእጁ ቦርሳ ይያዝ እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያኑር። የብዙዎቹ መሣሪያዎች መመርመሪያ ወረቀት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚጠበቅ ስለ ሆነ፣ በቆላ አገር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ እንደ ሆነ ውጤቱ አይታመንም። ከደረሰም በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ዳግመኛ ይመርመር።

ቁጥሩ ከልኩ የወጣ እንደ ሆነ በአዲስ ወረቀት ደግሞ መመርመርና ሐኪሙን በስልክ መጠየቅ ይገባል። መሣሪያው ቁጥሩን ይናገራል እንጂ አያክምም፤ ሐኪሙ ካልፈቀደ በቀር መጠኑን በገዛ እጅ መለወጥ አደገኛ ነው። የተረሳ ኪኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል፤ ቀኑ ካለፈ ግን በማግስቱ እጥፍ አድርጎ መዋጥ አይገባም። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የማይቆም ነስር፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል የታየበት፣ ራሱንም የተመታ ሰው፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች ይህን ዘወትራዊ ልኬት አይሹም፤ ሆኖም የብረት የልብ በር ላለው ሰው ዋርፋሪንን አይተኩም። መሣሪያው የሌለው መንገደኛ ምርመራው በየትኛው ሐኪም ቤት እንደሚገኝ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ። የከተማ ሹማምንትና የጤና ሠራተኞችም ቦታውን ለይተው ለሕዝቡ ቢያስታውቁ፣ በቀላል ወጪ የሰው ሕይወት ያድናሉ።