የአጥንት ሞት በጭን አጥንት ራስ ላይ

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኙት በደም ሥሮች ስለሆነ ደሙ ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። ሐኪሞች ይህን ኦስቲዮኔክሮሲስ ወይም አቫስኩላር ኔክሮሲስ ይሉታል። በጉልበት፣ በትከሻና በቁርጭምጭሚት ላይም ይታያል፤ አብዝቶ የሚያጠቃው ግን ዳሌ ውስጥ የሚገባውን የጭን አጥንት ራስ ነው።

ይህ ክብ ራስ አብዛኛው ክፍሉ በካርቲሌጅ ስለተሸፈነ የደም ሥር እንደ ልብ የሚገባበት ቦታ የለውም። ደሙን በዋናነት የሚያደርሱለት የአጥንቱን አንገት ታክከው የሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ሲንሸራተት ወይም ዳሌ ሲወልቅ እነዚህ ሥሮች ይበጠሳሉ፣ አለዚያም ይታጠፋሉ። የወለቀ ዳሌ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚደረገው ጥድፊያ ከዚህ የመነጨ ነው።

ያለ ስብራትም ችግሩ ይደርሳል። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያሉ ስቴሮይድ መድኃኒቶችን በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ መውሰድና አልኮል ማብዛት ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው። በ2003 በሳርስ ወረርሽኝ ወቅት ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ከተሰጣቸው ቻይናውያን ሕሙማን መካከል ብዙዎቹ ከሳንባ ሕመማቸው ካገገሙ በኋላ በዳሌ ሕመም ወደ ሐኪም ተመልሰዋል። ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ፣ ሉፐስ፣ የጨረር ሕክምና፣ እንዲሁም ከጥልቅ ውኃ ፈጥኖ መውጣት የሚያስከትለው የጋዝ አረፋም ከመንስኤዎቹ ይቆጠራሉ። በልጆች ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ሕመም ፐርተስ ይባላል።

የሞተ አጥንት ወዲያው አይሰበርም፤ ለጊዜው የቀድሞ ጥንካሬውን እንደያዘ ይቆያል። የሚዳከመው ሰውነት ሊጠግነው ሲነሳ ነው። በዙሪያው ካለው ጤነኛ አጥንት አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ ሞተው ክፍል ይገባሉ፤ አጥንት በል ሕዋሳትም የሞተውን እያሟሙ ያስወግዳሉ። አዲስ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት ግን በዚያው ፍጥነት ቦታውን መሙላት ስለማይችሉ በካርቲሌጁ ሥር ያለው ስስ ሽፋን የሰውነትን ክብደት መሸከም ያቅተውና ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ይሰምጣል። ሕክምናው በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኛው ከዚህ መስመጥ በፊት መምጣቱ ወይም ከዚያ በኋላ መምጣቱ ታይቶ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ነው፤ አንዳንዴ ወደ ጉልበት ስለሚወርድ ሕመምተኛው የጉልበት በሽታ ይመስለዋል። እግርን ወደ ውስጥ ማዞር ያስቸግራል፤ እያደርም ማነከስ ይከተላል። ራጅ በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ለውጡን አስቀድሞ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። በራጅ ላይ ከካርቲሌጁ ሥር ቀጭን፣ ጨረቃ መሰል ጥቁር መስመር ከታየ ሽፋኑ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። ያለ ጉዳት የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ስለሚያጠቃ የማያመው ዳሌም ይመረመራል።

አጥንቱ ሳይሰምጥ ከተደረሰበት የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ከጭን ጎን በአንገቱ በኩል እስከ ሞተው ክፍል ድረስ ይሰረስራል። ይህም በአጥንቱ ውስጥ የታመቀውን ግፊት ያቃልላል፤ ለአዲስ የደም ሥርም መንገድ ይከፍታል። በቀዳዳው ውስጥ ከራሱ ከሕመምተኛው የተወሰደ አጥንት ወይም መቅኔ ሊጨመር ይችላል። በአንዳንድ ማዕከላት ከቅልጥም ጎን ያለው ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሩ ተወስዶ ይተከላል። ክራንች መጠቀም ሕመሙን ቢያስታግስም ብቻውን በሽታውን አያስቆምም።

አጥንቱ ከሰመጠና መገጣጠሚያው ከተበላሸ የሚቀረው ሰው ሠራሽ ዳሌ መትከል ነው። የዘመናዊውን ሰው ሠራሽ ዳሌ መሠረት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው፤ ከብረት የተሠራ ትንሽ ራስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲሽከረከር አደረገ። ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ዳሌዎች ከ15 ዓመት በላይ ያገለግላሉ። ይሁንና በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሆነ ሕመምተኛው በሕይወት ዘመኑ ዳግም መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በወጣት ሕመምተኞች ላይ የራሳቸውን አጥንት ለማትረፍ አስቀድሞ የሚሞከረው በዚህ ምክንያት ነው።