ያልተዘመረለት ዳግም ምርመራ

በብሪታንያ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተጠየቀውን መረጃ አልሰጥም ሲል፣ ብዙ ሰው ነገሩ በዚያው ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። ከእምቢታው ቀጥሎ የውስጥ ዳግም ምርመራ የሚባል ደረጃ አለ። በመረጃ ነፃነት ሥርዓቱ ውስጥ እንደዚህ የምወደው፣ እንደዚህም የተናቀ ክፍል የለም።

መሠረቱ ይታወቃል፦ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2000 ጸድቆ ከ2005 መጀመሪያ አንስቶ ይሠራል፤ ዩኒቨርሲቲ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ጠያቂው የአገሩ ዜጋ መሆንም ሆነ ለምን እንደፈለገው መናገር አይጠበቅበትም። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

«ራሱ የከለከለ ራሱ መርምሮ ምን ሊለውጥ?» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዲት ለንደን የምትማር ዘመዴም የጠየቀችውን ሰነድ ተከልክላ፣ ይህንኑ ብላኝ ጉዳዩን ልትተወው ነበር። ነገር ግን ከሕጉ ጋር አብሮ የሚሠራው የአሠራር ደንብ በተቻለ መጠን ምርመራውን የመጀመሪያውን ውሳኔ ያልሰጠ ሰው እንዲያካሂደው ይላል። ይህ ሰው የቀድሞውን ደብዳቤ አንብቦ «ትክክል ነው» ብሎ እንዲፈርም አልተቀመጠም። ሰነዱ በእርግጥ ተፈልጓል? የተጠቀሰው የመከልከያ አንቀጽ ለዚህ ሰነድ ይሠራል? የሚሠራ ከሆነስ፣ የሕዝብ ጥቅም ከሚመዘንባቸው አንቀጾች አንዱ ከሆነ፣ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? ስም ያለበት መስመር ተሸፍኖ ቀሪው ሊሰጥ አይችልም? እነዚህን እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። በቀነ ገደብ ጥድፊያ የተጻፈ እምቢታ የሚታረመው እዚህ ላይ ነው። የዘመዴም ሰነድ፣ አንድ አንቀጽ ተሸፍኖበት፣ በዚሁ መንገድ ወጣላት።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ዕድል ሲያባክነው የሚሆነውን ለማየት የለንደኑን ክዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ መመልከት ይበቃል። በ2011 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው የፔስ ጥናት፣ ሥር የሰደደ ድካም ሕመም ያለባቸውን ከ600 በላይ ታካሚዎች ይዞ፣ ደረጃ በደረጃ የሚጨመር እንቅስቃሴና የንግግር ሕክምና ይጠቅማሉ አለ። በ2014 በአውስትራሊያ የሚኖር አንድ ታማሚ ስም የሌለበትን የጥናቱን ዝርዝር ውጤት ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ከለከለ፤ ዳግም ምርመራውም እምቢታውን አጸና። በ2015 የሕጉን አፈጻጸም የሚከታተለው የመረጃ ኮሚሽነር «ስጡ» ሲል ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ አለ። በነሐሴ 2016 የይግባኝ ችሎቱ በድምፅ ብልጫ ይግባኙን ውድቅ አደረገ፤ ታካሚዎቹ ተለይተው ይታወቃሉ የሚለውን ስጋትም ሩቅ ሆኖ አገኘው። ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ ከ200,000 ፓውንድ በላይ ነበር። መረጃው ወጥቶ እንደገና ሲሰላ፣ «አገገሙ» የተባሉት ሰዎች ድርሻ በጥናቱ የመጀመሪያ ዕቅድ መለኪያ በጣም አነሰ። በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ያንን የእንቅስቃሴ ሕክምና መምከር አቆመ፤ ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው ይህ ክርክር፣ በመጀመሪያው እምቢታ ማግስት በአንድ ጥሩ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ጠያቂዎችንም ልወቅስ። «ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በወጪ ጣሪያው ይወድቃል፤ ለዩኒቨርሲቲ ጣሪያው 450 ፓውንድ፣ ማለትም የ18 ሰዓት ሥራ ነው። ከእምቢታ በኋላ ደግሞ ንዴትን ብቻ የያዘ ደብዳቤ ለመርማሪው የሚመረምረው ነገር አይሰጠውም። የተጠቀሰውን አንቀጽ ጥሩና ለምን እንደማይሠራ ጻፉ። ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ኮሚሽነሩ የሚሮጥ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ወደዚሁ ይመለሳል።

በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የተከለከለ ሰው ቅሬታውን መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባል። ይህንንም መንገድ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

በእንግሊዝ ያላችሁ ተማሪዎችና ወላጆች፣ የእምቢታ ደብዳቤ ከደረሳችሁ አትጣሉት። ዳግም ምርመራ ለመጠየቅ በአብዛኛው 40 የሥራ ቀናት አላችሁ፤ አንድ ኢሜይል ይበቃል፣ ክፍያም የለውም።