ሩጫ፣ ሙዚቃና ጆሮ፦ ስለ እርምጃ ሴንሰርና ስለ ጆሮ ማዳመጫ አጠቃቀም

የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሙዚቃ እየሰሙ መሮጥ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም ሆነ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የውጭ አገር ከተሞች የተለመደ ሆኗል። ከሙዚቃው ጋር ደግሞ በጫማ ውስጥ፣ በእጅ አንጓ ወይም በጆሮ ላይ የሚውል ሴንሰር ሯጩ የሄደበትን ርቀት፣ ፍጥነቱንና የልብ ምቱን እየቆጠረ ያሳውቀዋል። የአካል እንቅስቃሴ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ለአንባቢያን የተሰወረ ስላልሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። መሣሪያዎቹም ሰውን ከቤት አውጥተው እንዲሮጥ የሚገፋፉ እስከሆኑ ድረስ ሊነቀፉ አይገባም። ይሁን እንጂ ሯጩ በየዕለቱ በጉጉት የሚመለከታቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ግምቶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የማይመለከተው ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ጆሮው በሳምንት ውስጥ የተቀበለው የድምፅ መጠን ነው። የተሳሳተ የርቀት ቁጥር በማግሥቱ ሊታረም ይችላል፤ በድምፅ ብዛት የጠፋ የመስማት ችሎታ ግን አይመለስም። ይህ ጽሑፍም ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጉዳይ ላይ ያተኩራል።

ሙዚቃን በኪስ ይዞ መንቀሳቀስ በሰፊው የተለመደው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማን የተሰኘውን የካሴት ማጫወቻ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድ ተከተለ። ሩጫንና ሙዚቃን በአንድ መሣሪያ ያቆራኘው ግን አፕልና ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2006 በጋራ ያወጡት ዕቃ ነበር። በግራ ጫማ ሶል ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ሴንሰር የእግሩን እንቅስቃሴ በሬዲዮ ሞገድ ወደ አይፖዱ ትልካለች፤ ሯጩም በሙዚቃው መካከል ርቀቱንና ፍጥነቱን የሚነግረው ድምፅ ይሰማል። አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል፤ ሥራውን የእጅ ስልኮችና የእጅ ሰዓቶች ወርሰውታል። የአሠራሩ መሠረት ግን ብዙም አልተለወጠም።

የቁጥሮቹ ምንነት

በጫማ ውስጥ የምትቀመጠው ሴንሰር ርቀትን በቀጥታ አትለካም። የምታውቀው እግር መሬት የነካበትንና የለቀቀበትን ቅጽበት ነው። ሰው በፈጠነ መጠን እግሩ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር፣ መሣሪያው ከዚህ ተነሥቶ የእርምጃውን ርዝመት ያሰላል። ሯጩ ዳገት ሲወጣ፣ ሲደክመው ወይም ጫማ ሲቀይር ስሌቱ ሊዛባ ይችላል። በመሆኑም ልኩ በታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ በ400 ሜትር መም ላይ ሮጦ መሣሪያውን ማስተካከል ተገቢ ነው።

ለሐኪም ይበልጥ የሚያሳስበው የልብ ምት ቁጥር ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩት ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላኩ ደም የሚውጠውን መጠን በመመልከት ምቱን ይገምታሉ። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ ከቀዘቀዘ ወይም እንቅስቃሴው ከበረታ ንባቡ ይሳሳታል። በተለይ አንድ ስሕተት ልብ ሊባል ይገባል። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ መርገጡ የተለመደ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የእጁን ውዝዋዜ እንደ ልብ ምት ሊቆጥር ይችላል። የልቡ ምት 140 የሆነ ሰው ሰዓቱ 175 ሲያሳየው ደንግጦ ወደ ሐኪም ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ከመመርመርና መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ሩጫውን ገታ አድርጎ የእጁን የደም ሥር በጣቱ ለ30 ሰከንድ እንዲቆጥር ማስተማር ይቀድማል። በደረት ላይ የሚታሰረው ዓይነት የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ የተሻለ ትክክለኛነት አለው። ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሕመምተኛ ግን የልቡ ምት በመድኃኒቱ የተገታ ስለሆነ፣ ሰዓቱ በዕድሜ አስልቶ የሚሰጠው የምት ግብ አይሠራለትም። ለእርሱ እየሮጠ መናገር መቻሉ የተሻለ መለኪያ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ለዕረፍት መጥቶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚሮጥ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምቱ ከፍ ብሎ ቢያገኘው የሚጠበቅ ነው።

ሙዚቃው ለምን ይረዳል?

ሙዚቃ በሩጫ ላይ ያለው ውጤት ተራ ስሜት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የብሩኔል ዩኒቨርሲቲው ኮስታስ ካራጆርጊስና ባልደረቦቻቸው ለረጅም ዓመታት እንዳጠኑት፣ በቀላልና በመካከለኛ ጥረት ጊዜ ሙዚቃ ሯጩ የሚሰማውን የድካም መጠን ይቀንሳል። ጥረቱ እጅግ ሲበረታ ግን አካል የሚልከው የድካም መልእክት ስለሚያይል ሙዚቃው ትኩረትን የመሳብ ኃይሉ ይዳከማል። ከእርምጃ ጋር የሚገጥም ምት ያለው ዘፈን ደግሞ አረማመድን ወጥ ያደርጋል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው «ስካትማን» የተባለው ዘፈን በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ እየተሰማ ነበር። ዘፈኑ የተሰማው በጆሮ ማዳመጫ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። በውድድር ላይ ማዳመጫ ማድረግ በአትሌቲክስ ደንብ የተከለከለ ሲሆን፣ የአሜሪካ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2007 ክልከላውን በጎዳና ሯጮች ሁሉ ላይ አጽንቶ ነበር፤ በ2008 መጨረሻ ግን ለሽልማት በሚወዳደሩት ብቻ እንዲወሰን አድርጎ አላልቶታል።

የጆሮ ሒሳብ

በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ኮክሊያ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። በሰው ልጅ ላይ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከፍተኛ ድምፅ ሲበዛባቸው በመጀመሪያ ይደክማሉ፤ ሯጩም ማዳመጫውን ሲያወልቅ ጆሮው እንደታፈነ ወይም ጭው እንደሚል ይሰማዋል። ስሜቱ በማግሥቱ ሲለቀው ጉዳት የለም ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኩጃዋና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የመስማት ልክ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም በሕዋሳቱና በነርቩ መካከል ያለው ግንኙነት ለዘለቄታው ተቋርጦ ሊቀር ይችላል። ይህ በሰው ላይ ያለው ድርሻ ገና በመጠናት ላይ ቢሆንም፣ ጭውታን እንደ ማስጠንቀቂያ ለመቁጠር በቂ ምክንያት ነው።

በድምፅ የሚመጣው ጉዳት የሚጀምረው ከቀጭን ድምፆች፣ በተለይም ከ4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። በመሆኑም ተጎጂው ለብዙ ጊዜ አያውቀውም። አናባቢዎቹ በጎላ ድምፅ ስለሚሰሙት ሰው ሲናገር «ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። በአማርኛ «ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው፤ በገበያ ጫጫታ መካከል ይህን መለየት ያቃተው ወጣት ጆሮውን ሊመረመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የድምፅ ወሰን 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት በሳምንት ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል ለተመሳሳይ ሰዓት። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ የሚደመር ልክ አይደለም። ድምፅ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ኃይሉ እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፣ በ95 ዴሲቤል 1 ሰዓት ከሩብ ብቻ ይሆናል። በ100 ዴሲቤል የሳምንቱ ድርሻ ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል። በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚሮጥ ሰው በ89 ዴሲቤል ቢያዳምጥ ድርሻውን በልክ ይጨርሳል፤ በ95 ቢያዳምጥ ግን ድርሻው ሁለተኛው ቀን ሩጫ ሳይጋመስ ያልቃል፤ በሳምንቱ መጨረሻም አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ማጫወቻዎች እስከ 100 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ማውጣት ስለሚችሉ ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። እንግዲህ በታክሲና በሥራ ቦታ የሚሰማው ድምፅ ገና አልተደመረም።

ሯጩን ከቤት አድማጭ የሚለየው መንገዱ ራሱ ነው። በቤት ውስጥ ደስ ያሰኝ የነበረው መጠን በአውራ ጎዳና ዳር የከባድ መኪና ድምፅ ይውጠዋል። ሯጩም ሳያስበው ድምፁን ከጫጫታው በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ጸጥ ወዳለ ቦታ ሲደርስ ግን መልሶ መቀነሱን ይረሳል። ይህን ለመከላከል በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ገጥሞ የውጭውን ድምፅ የሚያፍነው ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚያጠፋው ማዳመጫ ይመከራል፤ በዝቅተኛ ድምፅ ማዳመጥ ያስችላልና። ለኮክሊያ መልካም የሆነው ይህ ምክር ግን በጎዳና ላይ ሌላ አደጋ ይጋብዛል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 ማዳመጫ ያደረጉ እግረኞች በተሽከርካሪ የተገጩባቸው 116 አደጋዎች ተሰብስበው በ2012 ታትመዋል። ከተጎጂዎቹ 70 በመቶው ሞተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የገጫቸው ባቡር ነው፤ ከሩብ በላይ በሚሆኑት አደጋዎችም ከግጭቱ በፊት ማስጠንቀቂያ መሰማቱ ተዘግቧል። መረጃው በአብዛኛው ከዜና ዘገባዎች የተወሰደ ስለሆነ ማዳመጫው የአደጋው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ችላ ሊባል አይገባም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቀላል ባቡር በመንገዶች መካከል ይሄዳል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከታገደ ወዲህ ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ንጋት ላይ፣ ብርሃን ሳይሞላ፣ በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ጆሮውን መዝጋቱ ከዓይኑ አንዱን እንደ መሸፈን ይቆጠራል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ለሁሉም ቦታ የሚስማማ አንድ ማዳመጫ የለም፤ መወሰን ያለበት የሚሮጥበት ቦታ ነው። በመም ላይ፣ ተሽከርካሪ በማይገባበት መናፈሻ ወይም በቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን ላይ የሚያፍነው ዓይነት ይሻላል። ተሽከርካሪ ባለበት መንገድ ጆሮን ክፍት የሚተው ዓይነት ይመረጣል፤ መንገዱ ጫጫታ ከበዛበት ደግሞ ሙዚቃውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ማጥፋት ይገባል። አንዱን ጆሮ ብቻ ክፍት መተው ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ክላክሱ ይሰማል፣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ሁለት ጆሮ ያስፈልጋል። በአጥንት አማካይነት ድምፅ የሚያስተላልፈው አዲሱ ዓይነት የጆሮ ቀዳዳን ክፍት ቢተውም፣ ድምፁ የሚደርሰው እዚያው ኮክሊያ ስለሆነ ከፍ ብሎ ሲሰማ የሚያደርሰው ጉዳት አይቀርም።

የድምፁን መጠን ከቤት ሳይወጡ፣ በጸጥታ ውስጥ ወስኖ በመንገድ ላይ አለመጨመር ጠቃሚ ልማድ ነው። ከመሣሪያው አቅም 60 በመቶ አለማለፍ በብዙዎች ዘንድ የሚሰጥ ምክር ሲሆን፣ ጎዳና ላይ ግን ቀለል ያለ ፈተና አለ፦ ሯጩ የራሱን የእግር ኮቴ መስማት ካልቻለ ድምፁ በዝቷል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ማጫወቻዎች 85 ዴሲቤል ላይ ሲደርሱ እንዲያስጠነቅቁ ተደርጓል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጡት ደረጃም መሣሪያው የሳምንቱን የድምፅ ድርሻ ቆጥሮ ለባለቤቱ እንዲያሳይ ይጠይቃል። በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ይህ ቁጥር በጤና ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ርቀቱን የሚያይ ሰው ያንንም ቢመለከት አይደክምም።

ጥቂት ሌሎች ጉዳዮችንም እንጥቀስ። በላብ የረጠበ ማዳመጫ ኩክን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የጆሮ ቀዳዳ ቆዳንም ለብግነት ያጋልጣል፤ ማድረቅና ማጽዳት፣ ከሌላ ሰው ጋርም አለመዋዋስ ይገባል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው በማዳመጫው ውስጥ ያለው ማግኔት እንዳይረብሸው ከደረቱ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ማራቅ አለበት፤ ስለዚህ በደረት ኪስ መያዝ አይመከርም። በነጎድጓድ ጊዜም መሮጥ ማቆም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ዘገባ፣ አይፖድ እየሰማ ሲሮጥ መብረቅ ስለመታው የካናዳ ነዋሪ ይተርካል። ማዳመጫው መብረቁን አልሳበም፤ ነገር ግን ገመዱና ላቡ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ወደ ራሱ ስለመሩት የሁለቱም ጆሮዎቹ ታምቡር ተቀዷል፣ መንጋጋውም ተሰብሯል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በእንጦጦ ዛፎች ሥር ለሚሮጡ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከሩጫ በኋላ የሚሰማ ጭውታ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም እየተደጋገመ ከመጣ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የመስማት ምርመራ ማድረግ ይገባል። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋ ግን በኩክ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም። ይህ አስቸኳይ ሕመም ነው፤ የስቴሮይድ ሕክምናው ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው።