የተሸሸገው ጠላት ማነው?

ጂም ቡቸር የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በጀመረው ተከታታይ ልብ ወለድ፥ በቺካጎ ከተማ ቢሮ ከፍቶ ስሙን በስልክ ማውጫ ያሳተመ፥ ሃሪ ድሬስደን የሚባል አስማተኛ ፈጥሯል።

አንባቢዎቹ ግን ከጀግናው ይልቅ የሚከታተሉት፥ ፊቱን በቆብ ከልሎ የሚመጣውን ካውል የሚባለውን ጠላት ነው። አንዱ፥ ሞቷል የተባለው የሃሪ የቀድሞ መምህር ነው ይላል። ሌላው፥ ከመጪው ዘመን የተመለሰ ራሱ ሃሪ ነው እስከ ማለት ይደርሳል፤ ይህስ እንኳ ብልሃት የበዛበት ነው።

መጽሐፉን ገና ያላነበበ ቀጥሎ ያለውን ይዝለል። በአስማተኞቹ ሸንጎ ውስጥ አንድ ከዳተኛ እንዳለ ሲጠረጠር ቆይቶ፥ በ2009 በወጣው መጽሐፍ ማንነቱ ታወቀ። ኃይለኛ ተዋጊ አልነበረም፤ ወረቀት ይዞ እየዞረ የሚያስፈርም ፒቦዲ የሚባል የሸንጎው ጸሐፊ ነበር እንጂ! መሣሪያውም የሚፈረምበት ቀለም ነበር፤ ሐሳብን የሚያጣምም መድኃኒት ቀላቅሎበታል። የሽማግሌዎቹን አእምሮ በጥቂቱ ብቻ ሲነካ፥ የወጣቶቹን ግን እንደ ልቡ አዞረው።

የካውል ፊት በ2020 እስከ ወጣው አሥራ ሰባተኛው መጽሐፍ ድረስ አልተገለጠም። እኛ ብንጠየቅ፥ የታላላቆቹን ስም ትተን፥ መዝገብ ተሸክመው የሚያልፉትን እንደገና እናነብ ነበር።