ገንፎ ከመሐሉ ለምን ዘግይቶ ይቀዘቅዛል?

አራስ ጥየቃ ሄዶ፣ ትኩስ ገንፎ ቀርቦለት፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከመሐል ወስዶ ምላሱ ያልተቃጠለበት ሰው ጥቂት ነው። እኛም አላመለጥንም። እናቶች «ከዳር ከዳሩ ብሉ» የሚሉት ለሥርዓት ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው ግን ስለ ሙቀት ማስተማር ከጀመርን በኋላ ነው።

ከድስቱ እንነሣ። በገብስ ዱቄት ውስጥ ስታርች የሚባለው ንጥረ ነገር በጥቃቅን እንክብሎች መልክ ታጭቆ ይገኛል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንክብሎቹ ውሃ እየመጠጡ ያብጣሉ፤ ከስታርቹም ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ፈሳሹም ይወፍራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የባቄላና የሽንብራን መብሰል ቢያዘገይም ገንፎን አያስቸግርም። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ግን የክምሩ ውጫዊ ገጽ ወዲያው ይበስልና እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ውሃ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ መሐሉ ደረቅ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። «ጓጎለ» የምንለው ይህንኑ ነው። ባለሙያዋ ማማሰያዋን ይዛ ያለ ዕረፍት የምትታገለውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሻይ በብርጭቆ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ትኩሱ ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ዝውውር ኮንቬክሽን ይባላል። ገንፎ ግን ከውፍረቱ የተነሣ አይዘዋወርም። ሙቀቱ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል እየተላለፈ ብቻ፣ ማለትም በኮንዳክሽን፣ መውጣት ይኖርበታል። በዚህ መንገድ የሚወስደው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ገንፎ በአብዛኛው ውሃ ነውና የውሃን መለኪያ ወስደን በግርድፉ ብናሰላ፣ ሙቀት 1 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 12 ደቂቃ ያህል ሲፈልግ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 108 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ፣ ጊዜው ዘጠኝ እጥፍ!

መሐል ላይ የሚፈስሰው ቅቤም ተባባሪ ነው። ትኩስ ምግብ ሙቀቱን ከሚያጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ትነት ሲሆን፣ የቀለጠው ቅቤ በላዩ ተኝቶ እንፋሎቱን ያግዳል። በርበሬው ደግሞ የራሱን ማቃጠል ይጨምርበታል፤ እርሱ ግን የፊዚክስ ጉዳይ አይደለም።

ነገሩ ለሕፃናት ሲሆን ጨዋታነቱ ይቀራል። በ60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ ቆዳን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል። ውሃ ደግሞ ፈስሶ ይወርዳል፤ ገንፎ ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ ሙቀቱንም እዚያው ያራግፋል። ላዩን በጣት ነክቶ «በርዷል» ማለት ስለ ውስጡ ምንም አይነግረንም። እፍ ማለትም የሚያቀዘቅዘው ገጹን ነው። ለልጅ የሚሰጠው ገንፎ በሰፊ ሳህን ላይ በስሱ ቢዘረጋ ግን ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ሙቀቱ ከውስጥ የሚወጣበት ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል።