ጤና መኮንኑና የሕዝቡ አመኔታ

«ጤና መኮንን» የሚለውን ስያሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ከጦር ሠራዊት ማዕረጎች አንዱ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ባለሙያው በትከሻው ላይ ኮከብ የለውም፤ የሚያዝዘውም ክፍለ ጦር የለም። የዘመቻው ሜዳ አንድ ወረዳ ነው። የተሰለፈውም ወባን፣ ተቅማጥን፣ ሳንባ ነቀርሳንና በወሊድ ጊዜ የሚደርሰውን ሞት ለመከላከል ነው። ይህ ሙያ በሀገራችን ከተጀመረ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህም ሆኖ ዛሬም አንዳንድ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ዋናው ሐኪም የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። የሚጠይቀውም ጤና መኮንኑን ራሱን ነው።

የሙያው መነሻ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ገደማ ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐኪም የሚያሠለጥን ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ስለዚህ የሐኪሞች ቁጥር እስኪበዛ ድረስ ገበሬው ይጠብቅ ማለት የማይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ በምሥረታው ተካፍለዋል። ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በሀገሪቱ በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ የጊዜው ባለሙያዎች ገምተዋል። አዲሱ ሙያ የገባበት ትግል የዚህን ያህል የከበደ ነበር።

የኮሌጁ መሥራቾች የያዙት ሐሳብ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ከጎንደር የሚወጣው አንድ ባለሙያ ሳይሆን አንድ ቡድን ነው። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ይመራል፤ የኅብረተሰብ ጤና ነርሷ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሳኒተሪያኑ ደግሞ ምንጩን፣ ጉድጓዱን፣ ቄራውንና መጸዳጃውን ይመረምራል። ሦስቱ ሙያተኞች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይመደባሉ። ታማሚው በወባ ተይዞ ሲመጣ አንደኛው ኪኒን ሲሰጠው፣ ሌላው ቤቱ አጠገብ የተኛውን ረግረግ ሄዶ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው መተዳደሪያው ጤናን ሲተረጉም ከበሽታ ነጻ መሆንን ብቻ ሳይሆን የአካልን፣ የአእምሮንና የማኅበራዊ ኑሮን ደኅንነት አንድ ላይ አጣምሮ ነው። ይህን ትርጉም በወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው። በቆላ ድባና በመሰሉት የገጠር ከተሞች ግን ነገሩ በቡድኑ እጅ በየዕለቱ የሚፈተን ሥራ ሆነ። ይህ ሁሉ የተጀመረው የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት መግለጫ ከማውጣታቸው ሃያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕዝቡ ግን ይህን ቡድን እንዴት ተቀበለው?

ሁሉንም እኩል አልተቀበለውም። መርፌ የሚወጋው ወዲያውኑ ተወዳጅ ሆነ። ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ የሚናገረው ሳኒተሪያን ግን ለረጅም ጊዜ የሚሰማው አላገኘም። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ከአንድ ቀን መንገድ በቃሬዛ የመጣ ሰው የሚፈልገው ከሥቃዩ መገላገልን ነው እንጂ ስለ ውሃ አፈላል ትምህርት አይደለም። መርፌው ሲወጋ ይታያል፣ ያማል፣ ሥራ እንደ ተሠራ ያስታውቃል። በአንጻሩ ጉድጓዱ በመቆፈሩ ምክንያት በክረምት ያልታመመውን ሕፃን ማንም ቆጥሮ «ይህ የሳኒተሪያኑ ሥራ ነው» አይልም። መከላከል ከማከም ይልቅ ምስጋና የሚያጣውም በዚህ ነው። መርፌ ያላዘዘ ባለሙያ «ምንም ሳያደርግልኝ መለሰኝ» ተብሎ የሚታማበት ቦታ ዛሬም ጥቂት አይደለም።

መርፌውም ቢሆን ሁልጊዜ ወዳጅ አያፈራም። ለዚህ ወታደሩ በሚገባ የሚያውቀውን አንድ በሽታ መጥቀስ ይበቃል። በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ ማጠቢያ በጠፋበት ቦታ ሁሉ፣ በጦር ሰፈር፣ በእስር ቤትና በስደተኞች መጠለያ፣ ለረጅም ዘመን ሲመላለስ ኖሯል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ መጠን የፔኒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ነው። በደም ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በአንድ ጊዜ ሲሞቱ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታማሚው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዱም በዚያው ሊሞት ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ «በእግሩ የመጣውን ሰው መርፌው ገደለው» ቢል ከየት ይፈረድበታል? ያ ወሬ በአንድ ገበያ ቀን ሦስት ቀበሌ ያዳርሳል፤ ጤና ጣቢያውም ለወራት ባዶ ይሆናል። በሽታውን ብቻ የሚያይ ባለሙያ መድኃኒቱን ሰጥቶ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። በሙያው የበሰለ ጤና መኮንን ግን ሦስት ነገር ያደርጋል። ቤተሰቡን አስቀምጦ ሊመጣ ያለውን ያስረዳል፤ ታማሚውን በቅርብ ይከታተላል፤ ልብሱንና የመኝታ ጓዶቹን ልብስ አስወልቆ ያስቀቅላል። ሦስተኛው ካልተደረገ ሰውየው ቢድንም በሽታው ከጭፍራው አይወጣም።

የሙያው ትልቁ ፈተና ግን በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሕዝቡ አለማወቅ የመጣ አይደለም። ጤና መኮንኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቀረበው «የሐኪም ምትክ» ተብሎ ነው። ምትክ የሆነ ነገር ዋናው ሲመጣ ቦታውን መልቀቁ አይቀርም። ሕዝቡ ይህንን ከባለሥልጣናቱ አነጋገር ተረዳው፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸውም ተረዱት። የዕድገት መሰላል የጎደላቸው ብዙ ጤና መኮንኖች ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት እየገቡ ሐኪም ሆኑ። ይህ ለግለሰቡ መልካም ነው፤ ወረዳው ግን ያሠለጠነውን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። በ1978 የጎንደሩ ኮሌጅ በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ። ሐኪም በሀገር ውስጥ፣ ያውም ከአዲስ አበባ ውጭ፣ መሠልጠኑ ታላቅ እርምጃ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን የሁለቱ ሥራ አንድ አለመሆኑ በወቅቱ በቂ ትኩረት አላገኘም። ሆስፒታል ውስጥ የተቀመጠ ሐኪም የመጣለትን ያክማል። ያልመጣውን የሚፈልግ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሥልጠናው በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና የተጀመረው ይህ ክፍተት ከታየ በኋላ ነው።

ስለ ሕዝብ አመኔታ ሲነሣ ባህላዊውን ሕክምና ማለፍ አይቻልም። ታማሚው ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ዳማከሴ ታሽቶለታል፣ ኮሶ ጠጥቷል፣ ወጌሻ ጎብኝቶታል፣ ጠበል ገብቷል። ይህን የሚሸሽገው ቁጣን ስለሚፈራ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለታማሚው የተነገረ ቢሆንም፣ ታማሚው እንዲደብቅ ያደረገውን ባለሙያም ይመለከታል። ከሕዝቡ ልማድ ትምህርት እንደሚገኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። እናቶቻችን ለዘመናት የያዙት ሳሙና የምርምር ርእስ የሆነው በዚህ ሁኔታ ነው።

በአንጻሩ ዝም ሊባል የማይገባው ነገርም አለ። ወጌሻ የተሰበረን አጥንት በሸምበቆ አጥብቆ ሲያሥር ደም ወደ ጣቶች መውረዱን ካቆመ እጁ ወይም እግሩ ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በሀገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ከታሠረ በኋላ ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ከደነዘዙ ማሠሪያው ወዲያውኑ ይፈታ፤ ልጁም ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። ወጌሻን ከመስደብ ይልቅ ይህንን አንድ ምልክት ማስተማር ብዙ እጅ ያተርፋል።

ጠበልን በተመለከተ መልካም ምሳሌ አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ብዙ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ስለሚመስላቸው ያቋርጡ ነበር። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ቃል ወደ ብዙ ቤት እንደሚገባ የሚያከራክር አይደለም።

ጉዳዩ የሀገራችን ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ጤና ጣቢያዎች ታማሚውን በአብዛኛው የሚቀበለው ክሊኒካል ኦፊሰር የሚባለው ባለሙያ ነው፤ ከእኛ ጤና መኮንን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በጁባ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው ጉዴሌ በፍጥነት የተስፋፋ ሰፈር ሲሆን፣ ብዙው ነዋሪ ውሃ የሚገዛው በቦቴ መኪና ከሚያመላልሱ ነጋዴዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮሌራ በጁባ ሲነሣ ከተጠቁት ሰፈሮች አንዱ ጉዴሌ ነበር። በኮሌራ የተያዘ ሰው በጊዜ ከደረሰና የጠፋው ፈሳሽ ከተተካለት በአንድ ሁለት ቀን ተነሥቶ ይሄዳል። ግን ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው በርሜል። እዚህ ላይ የባለሙያው ሥራ ጉሉኮስ በመስቀል ካበቃ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሰው፣ ካልሆነም ልጁን፣ መልሶ ይቀበላል። በርሜሉን ክሎሪን የማስጨመርና ባለቦቴውን የማነጋገር ሥራ ለማን ይተዋል?

ወደ ሀገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን እየመደበ ከሠላሳ ሺህ በላይ አሠማርቷል። የጥንቷ የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ሥራ በእነርሱ እጅ ከቤት ወደ ቤት ተመልሷል ማለት ነው። ከ2005 ወዲህ ጤና መኮንኖች በብዛት ሠልጥነዋል። በ2009 ደግሞ ከመካከላቸው የተመረጡት በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ዛሬ በገጠር ሆስፒታል ምጥ ለጸናባት እናት ሌሊት ተጠርቶ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግላት ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሥልጠና የወጣ ነው። የዚያች እናት ቤተሰብ የባለሙያውን ማዕረግ አይጠይቅም።

ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመርቀው ሥራ ያጡ ጤና መኮንኖች በየከተማው በርክተዋል። በሌላ በኩል ጤና ጣቢያው ባለሙያ ጎደለኝ ይላል። የጎደለው የሰው ኃይል ሳይሆን በጀቱ መሆኑን ሁለቱም ወገን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት በአማራና በትግራይ ብዙ ጤና ጣቢያዎችንና ኬላዎችን ለዘረፋና ለጉዳት ዳርጓል። መድኃኒት የሌለበት ጤና ጣቢያ ውስጥ የተቀመጠ ጤና መኮንን ከምክር በቀር የሚሰጠው የለውም። ምክር ብቻ ይዞ የቀረ ባለሙያ ደግሞ በሕዝብ ፊት ምን ያህል ክብር እንደሚኖረው የጥንቱ ሳኒተሪያን ምስክር ነው። ሃምሳ ዓመት የተለፋበት አመኔታ በአንድ ዓመት ባዶ መደርደሪያ ሊመናመን ይችላል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥልጠናው እስከ ቅርብ ዘመን ዘልቋል። የሕክምና፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ከጤና መኮንን ተማሪዎች ጋር በአንድነት ለሳምንታት በከተማው ዙሪያ ወደሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ከነዚህም አንዱ በደምቢያ ሜዳ ላይ ያለው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። ጠዋት ታማሚ ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ዞረው ነዋሪውን ያነጋግራሉ፤ ከነዋሪው ጋር ከተነጋገሩ በኋላም ምንጭ ያጎለብታሉ ወይም መጸዳጃ ያስቆፍራሉ። ጉድጓዱን ራሳቸው ሲቆፍሩ የተመለከቱ ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን ይስቁባቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን ዶማ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።